ያረጀ የጀልባ ሞተር ኃይሉ ሲደክም ምክንያቱ እንዴት እንደሚመረመር

ዓሣ ማስገር ከእርሻ ሥራ ጋር የሚቈጠር ነው። በጣና፥ በዝዋይ፥ በሐዋሳ፥ በአባያና በጫሞ ዳር ለሚኖረው ሕዝብ ሐይቁ እንደ ማሳው፥ ጀልባውም እንደ በሬው ነው። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ስለ ዘርና ስለ ከብት እንደምንጽፍ ሁሉ ስለ ጀልባ ሞተር ብንጽፍ ከነገራችን የወጣን አይምሰላችሁ። በሐይቅ ዳር አገር የተሾማችሁ ክቡራን ገዥዎችና የወረዳ ሹማምንት፥ እንዲሁም የራሳችሁ ጀልባ ያላችሁ ባለመሬቶች፥ ሞተሩን በእጃችሁ ፈታችሁ እንድትሠሩ ብለን አይደለም የምንጽፍላችሁ። ነገር ግን «ሞተሩ ደክሟል፤ ይሸጥልን፤ ሌላ ይገዛልን» የሚል ማመልከቻ ወደ እናንተ በመጣ ጊዜ፥ እውነቱን በምን እንደምትመረምሩት ታውቁ ዘንድ ነው።

ይህን የሚጽፈው ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለንብረት ቈጠራ ታዞ ወደ አንድ የሐይቅ ዳር ግምጃ ቤት ሄዶ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። በግምጃ ቤቱ ጥግ ሦስት የጀልባ ሞተሮች አቧራ ለብሰው ቆመው አገኘኋቸው፤ በእያንዳንዳቸውም ላይ «ኃይል የለውም፥ አርጅቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ከእኔ ጋር የመጣው መካኒክ በዕድሜ የገፋ ሰው ነበርና ወረቀቱን አንብቦ፥ «ሞተር ኃይል የለውም ማለት ሰው ታሟል እንደ ማለት ነው፤ ምኑን ታሟል?» አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ከመረመረ በኋላ የአንደኛው በሽታ በውሃ ውስጥ በሚሽከረከረው ክንፍ ውስጥ ያለ ጎማ መሆኑን፥ የሁለተኛው ደግሞ በካርቡራቶሩ ውስጥ የደረቀ ቤንዚን መሆኑን አገኘ። ሁለቱም ከሰዓት በኋላ በውሃ ላይ ሲሄዱ አየናቸው። ሦስተኛው ግን በእውነት ሞቶ ነበር። አሟሟቱን ነጂውን ብንጠይቀው፥ «ጌታዬ፥ መጀመሪያ ጥቂት ደከመ፤ እኔም ነዳጁን እስከ መጨረሻው እየሰጠሁ አንድ ወር ያህል ነዳሁት» ብሎ መለሰልን።

እንግዲህ ከሦስቱ ሁለቱ ሳይሞቱ የተቀበሩ ነበሩ፤ አንዱ ደግሞ ታሞ ሳለ ሳይታከም የሞተ ነው። የሞተር መድከም በራሱ እርጅና አይደለም፤ ምልክት ነው። ምልክቱን በጊዜው ያላዩለት እንደሆነ ግን ትንሹ ጕድለት ትልቁን ጥፋት ይወልዳል። ከገንዘቡም ሌላ የሰው ሕይወት አለ። ጣና ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ፥ ጥልቀቱ ግን ትንሽ የሆነ ሐይቅ ነውና፥ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ወደ ደቅ ደሴት ወይም ወደ ጎርጎራ ሰውና እህል ጭኖ የሚሄድ ጀልባ በመካከል ኃይሉ ቢደክም፥ አፉን ወደ ማዕበሉ ማቅናት አይችልምና ጎኑን ይሰጣል።

ስለ ምን ዓይነት ሞተር እንደምንናገር እንግለጥ። ይህ ከጀልባው በስተኋላ በሳንቃው ላይ የሚታሰረው ሞተር ነው። በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ በ1909 ለገበያ ያወጣው ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደር፥ ጕልበቱም የአንድ ፈረስ ተኩል ነበር። በጣና ሐይቅ ላይ ዓሣ አስጋሪዎች በሞተር የሚሄድ ጀልባ መያዝ የጀመሩት በ1986 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።) አሮጌዎቹ ሞተሮች አብዛኛዎቹ ባለ ሁለት ምት የሚባሉት ናቸው። በእነዚህ ሞተሮች ዘይቱ እንደ አውቶሞቢል ሞተር ለብቻው አይቀመጥም፤ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባና ሞተሩን እያለሰለሰ አብሮ ይቃጠላል። ይህን ነገር አንባቢዎቻችን በልባችሁ ያዙልን፤ ኋላ የምንናገረው ትልቁ ነገር በእርሱ ላይ ይመሠረታልና።

በሽታውን ከመፈለጋችን በፊት በሽታ ያልሆነውን መለየት ይገባል። ሞተር የሚቃጠለው በቤንዚን ብቻ አይደለም፤ በአየርም ነው። አገር ከፍ ባለ መጠን አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሞተሩም በየ300 ሜትሩ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ኃይል ያጣል። የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነውና፥ በክዳኑ ላይ «40 ፈረስ» ተብሎ የተጻፈበት ሞተር በዚያ የሚሰጠው ወደ 33 ያህሉን ብቻ ነው። በጫሞ ላይ፥ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ነውና፥ ያው ሞተር 35 ወይም 36 ይሰጣል። በጋምቤላ በባሮ ወንዝ ላይ ደግሞ፥ 500 ሜትር ገደማ በሆነ ቈላ፥ 38 ያህል ይሰጣል። ስለዚህ «አዲስ የተገዛው ሞተር በመጽሐፉ የተጻፈውን ያህል አይሄድም፤ ነጋዴው አታሎናል» የሚል አቤቱታ ከደጋ ሐይቅ ቢመጣ፥ ነጋዴውን ከመክሰስ አስቀድሞ ይህ ሒሳብ ይታይ።

ይህ በሽታ ባይሆንም መድኃኒት አለው፤ መድኃኒቱም ሁለት ነው። አንደኛው ፕሮፔለር የሚባለውን በውሃ ውስጥ የሚሽከረከረውን ክንፍ መለወጥ ነው። ፕሮፔለር በአንድ ዙር ወደ ፊት ሊጓዝ የሚገባው ርቀት በኢንች ተለክቶ በላዩ ተጽፏል። በደጋ ሐይቅ ይህ ቍጥር አንድ ወይም ሁለት ኢንች ያነሰ ቢሆን ይሻላል፤ አንድ ኢንች በቀነሰ ቍጥር የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራልና። ይህ በቅሎ ዳገት ስትወጣ ጭነቷን እንደ ማቅለል ነው። ሁለተኛው ጂግለር የሚባለውን፥ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን የሚያሾልክ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ናስ፥ ቀዳዳው ጠበብ ባለ መለወጥ ነው። አየሩ ከሳሳ ቤንዚኑም በልኩ ማነስ አለበትና። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው አደገኛ ነገር ስላለበት በመጨረሻ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ እውነተኛው ድካም እንምጣ። ትናንት የሄደው ሞተር ዛሬ ካልሄደ ከፍታው አልተለወጠምና ምክንያቱ ሌላ ነው። ነገር ግን ትናንት እንዴት ሄዶ እንደ ነበር ካልተጻፈ ዛሬ መድከሙ በምን ይታወቃል? በሚስዮን ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማረን መምህር ሳይለካ የሚናገርን ተማሪ ከሁሉ አስበልጦ ይቈጣ ነበር፤ እኔም በግምጃ ቤት ሥራ ላይ ቍጣው ትክክል መሆኑን አይቻለሁ። ሞተሩ ደኅና በሆነበት ወራት በወደቡ አጠገብ አንድ ኪሎ ሜትር ተለክቶ ሁለት ምልክት ይተከል። ጧት፥ ነፋስ ሳይነሣ፥ በታወቀ ጭነት፥ አንድ ጊዜ በመሄድ አንድ ጊዜም በመመለስ ጀልባው የፈጀው ጊዜ ይጻፍ። ሁለት ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ቢፈጅ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሄደ ማለት ነው። ከስድስት ወር በኋላ በዚያው ጭነት ሦስት ደቂቃ የፈጀ እንደሆነ ወደ 20 ወርዷል። ይህ ልኬት አንዲት የእጅ ሰዓት ብቻ ይፈልጋል፤ ክርክርንም ሁሉ ይቈርጣል።

መድከሙ ከታወቀ በኋላ ነጂው የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፦ ሞተሩ እየጮኸ ነው ጀልባው የማይሄደው፥ ወይስ ሞተሩ ራሱ ድምፁ ወርዶ ያቃስታል? እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ሞተር የሚፈቱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከግምጃ ቤቱ ሞተሮች አንዱን ያስቀበረውም ይኸው አለመጠየቅ ነው።

ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው የማይሄድ እንደሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ኃይሉ የሚጠፋው በፕሮፔለሩ ላይ ነው። በብዙ ፕሮፔለሮች እምብርት ውስጥ ወፍራም ጎማ አለ፤ ክንፉ ድንጋይ ቢመታ ጎማው ተንሸራቶ ማርሾቹን ከመሰበር እንዲያድናቸው የተደረገ ነው። ይህ ጎማ ሲያረጅ ያለ ድንጋይም ይንሸራተታል። ቀስ ብሎ ሲሄዱ ደኅና ይመስላል፤ ነዳጅ ሲጨምሩበት ግን ሞተሩ ይጮኻል፥ ጀልባው ይቆማል። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ከውስጠኛው እምብርት እስከ ውጭኛው ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መሥመር በቀለም ይሰመራል፤ ጀልባው በኃይል ተነድቶ ሲመለስ መሥመሩ ተቆርጦ ግማሹ ወዲያ ግማሹ ወዲህ ሆኖ ቢገኝ ጎማው ተንሸራትቷል። ከዚህም ሌላ ሞተሩ በሳንቃው ላይ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ የታሰረ እንደሆነ ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ በባዶ ይዞራል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ሆድ ጋር ትክክል፥ ወይም ጥቂት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት።

ሞተሩ የሚያቃስት ሲሆን ግን ነገሩ ሰፊ ነው። እዚህም ቢሆን ከውጭ መጀመር ይገባል፤ የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሳይፈታ ወደ ወርቁ እንደማይዘል ሁሉ፥ መካኒክም ውጭውን ሳይጨርስ ውስጡን አይከፍትም። መጀመሪያ ጀልባው ራሱ ይታይ። አሮጌ የእንጨት ጀልባ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ከወለሉ ሳንቃ በታችም የማይታይ ውሃ ይጠራቀማል። የአሥር ጀሪካን ያህል ውሃ በሆዱ ቢኖር ይህ 200 ኪሎ ነው፤ ሦስት ሰው በነጻ ተሳፈረ ማለት ነው። ቀጥሎ ሞተሩ ወደ ላይ ተነሥቶ ፕሮፔለሩ ይታይ። የተጣመመ ክንፍ፥ የተጠመጠመ የመረብ ክር፥ የተጠመጠመ አረም ሁሉ ሞተሩን ያንቃል። በጣና ላይ እምቦጭ ከታየበት ከ2011 ወዲህ ይህ የዕለት ነገር ሆኗል። አረሙ በዓይን ይታያልና ነጂው ያነሣዋል፤ የመረብ ክር ግን ከፕሮፔለሩ ኋላ ገብቶ ይደበቃል፥ ቆይቶም የማርሹን ዘይት የሚጠብቀውን ጎማ ይቆርጣል። የማርሹ ዘይት ሲቀዳ እንደ ወተት የነጣ እንደሆነ ውሃ ገብቶበታልና ክሩ ሥራውን ጨርሷል።

አንዲት ትንሽ ነገር አለች፤ ብዙ ሰው ይረሳታል። የነዳጅ መስጫው እጀታ እስከ መጨረሻው ሲዞር በካርቡራቶሩ አፍ ያለችው ክዳን በሙሉ ትከፈታለች ወይ? ሽቦው ከላላ ግማሽ ብቻ ትከፈታለች፤ ነጂው ሙሉ የሰጠ ይመስለዋል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ አንዱ እጀታውን ቢያዞር ሌላው ቢመለከት ይታወቃል።

ከዚህ በኋላ ነዳጁ ይመረመራል፤ በአሮጌ ሞተር ላይ ብዙው ድካም ከዚህ የሚመጣ ነውና። በነዳጁ ሣጥን ክዳን ላይ አንዲት የአየር ማስገቢያ ብሎን አለች። ጀልባው ሲቆም ቤንዚኑ እንዳይተን ትዘጋለች፤ ሲነሡ መክፈቷ ይረሳል። ሞተሩ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ በደኅና ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በሣጥኑ ውስጥ አየር ስለሚያንስ ቤንዚኑ አልወጣም ይላል፤ ሞተሩም ይደክማል። ነጂው ክዳኑን ከፍቶ «ቤንዚን አለ» ብሎ መልሶ ሲገጥመው አየር ገብቶ ስለሆነ እንደገና ይነሣል፤ ጥቂት ሄዶም ይደክማል። በዚህች ብሎን ምክንያት ሞተር አልቋል ተብሎ በሌላ ጀልባ ተስቦ ሲመጣ አይቻለሁ።

ከሣጥኑ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ መካከል እንቁላል የሚመስል በእጅ የሚጨመቅ ጎማ አለ። ይህ ጎማ ቤንዚን ለመሳብ ብቻ ሳይሆን ለምርመራም የተሰጠ ዕቃ ነው። ሞተሩ በመንገድ ላይ ሲደክም ነጂው ይህን ጎማ ደጋግሞ ይጨምቀው። ሲጨምቀው ሞተሩ ኃይሉን ካገኘ፥ በሽታው የነዳጅ መምጫ ነው፤ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። ጎማው ራሱ ተጣብቆ ጠፍጣፋ ከሆነ የተዘጋው ከእርሱ በፊት ነው፤ ይኸውም የአየር ብሎኗ፥ ወይም በሣጥኑ ውስጥ ያለው መሳቢያ፥ ወይም ውስጡ የተላጠ ቱቦ ነው። ጎማው ሳይጠጥር ልፍስፍስ ብሎ ከቀረ ደግሞ ቱቦው በሚገጣጠምበት ቦታ አየር ይስባል፤ እዚያ ያለችው የጎማ ቀለበት ዋጋዋ እጅግ ትንሽ ነው። ቱቦው ደኅና ሆኖ ድካሙ ከቀጠለ ፊልትሮው ይታጠብ፤ በነዳጅ መግፊያው ውስጥ ያለው ስስ የጎማ ሽፋንም ተቀድዶ እንዳይሆን ይታይ።

ቤንዚኑ ራሱም ይጠየቃል። በብርጭቆ ዕቃ ቀድቶ ሩብ ሰዓት ያህል ማስቀመጥ ይበቃል፤ ውሃ ካለበት ከታች ይለያል። በግማሽ ጀሪካን ለብዙ ሳምንት የቆመ ቤንዚን ከአየሩ እርጥበት ይጠራቀምበታል። ለወራት በሞተሩ ውስጥ የቀረ ቤንዚን ደግሞ ይደርቅና እንደ ሙጫ ሆኖ የጂግለሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ይህን ሲጠርጉ ሽቦ አይግባበት፤ ናሱ ለስላሳ ነውና ቀዳዳው ይሰፋል፥ ልኩም ይበላሻል። በማጠቢያ ነክሮ በአየር መንፋት ነው።

ዘይቱን የሚቀላቅለው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ በምን እንደሚለካም ጠይቁ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ ሞተሮች 24 እጅ ቤንዚን በአንድ እጅ ዘይት ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ 50 በአንድ ነው። እርግጠኛው በሞተሩ መጽሐፍ ወይም ሰሌዳ ላይ ያለው ነው። ለ50 በአንድ በ20 ሊትር ጀሪካን 400 ግራም ያህል ሳይሆን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል፤ በሚዛን ሳይሆን በመስፈሪያ የሚለካ ነውና። ዘይት የበዛ እንደሆነ ካንዴላው ይጠቍራል፥ የጭስ መውጫውም በጥላሸት ይጠባል። ያነሰ እንደሆነ ሞተሩ ይነክሳል። የአውቶሞቢል ዘይት ደግሞ ለዚህ አልተሠራም፤ ለጀልባ ሁለት ምት ሞተር የተሠራው ዘይት በዕቃው ላይ ቲ ሲ ደብልዩ 3 የሚል ምልክት አለው።

ቀደም ብለን በልባችሁ ያዙ ያልነው ነገር እዚህ ይመጣል። በሁለት ምት ሞተር ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ነው ብለናል። እንግዲያውስ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ዘይትም አንሶታል። ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ለየሲሊንደሩ የራሱ ካርቡራቶር ያለው እንደሆነ፥ የአንዱ ጂግለር ሲደፈን ያ ሲሊንደር ብቻ ይራባል፤ የቀሩት ይጐትቱታል። ከውጭ ሲታይ ሞተሩ ይሄዳል፤ ጥቂት ብቻ ደክሟል። በውስጡ ግን የተራበው ሲሊንደር ያለ በቂ ዘይት እየጋለ ይሠራል፤ ፒስተኑም ወይ ይቧጨራል ወይ ቀልጦ ይበሳል። በግምጃ ቤቱ ያገኘነው ሦስተኛው ሞተር የሞተው በዚህ ነው። መካኒኩ ሲከፍተው በፒስተኑ ራስ ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች፤ የዚያው ሲሊንደር ጂግለርም ተደፍኖ ተገኘ። ነጂው በመጀመሪያው ቀን ቆሞ ቢሆን ኖሮ የሚያስፈልገው አንድ ማጠቢያ ብቻ ነበር። ስለዚህ ለነጂዎች የሚሰጠው ትእዛዝ አንድ ነው፦ የደከመ ሞተር ነዳጅ እየተጨመረበት አይነዳም፤ ቀንሶ ወደ ዳር ይወጣል።

የእሳቱ ምርመራ ከነዳጁ ያጥራል። ካንዴላዎቹ ወጥተው በተራ ይደረደሩ፤ የየትኛው ሲሊንደር እንደሆኑ ይለይ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቀለም ጤና ነው። ጥቁርና ዘይት የበዛበት እሳት አላገኘም ወይም ነዳጅ በዝቶበታል። የነጣ እንደሆነ ሲሊንደሩ ተርቦ ግሏል፤ ይህ ከሁሉ የሚያስፈራ ነው። የውሃ ጠብታ ቢታይበት ቴስታታ በሚባለው በሲሊንደሩ ክዳን ሥር ያለው ጓርኒሽን አፍስሷል። ከዚያ በኋላ እሳቱ በአየር ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል እየዘለለ ሰማያዊ ሆኖ ይታይ እንደሆነ በመመርመሪያ ዕቃ ይታያል። ይህ ሲደረግ የተረጨ ቤንዚን በአጠገቡ አይኑር። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ሽቦውን በእጅ መንቀል የቆየ ልማድ ነው፤ ሰውን ይመታል፥ በኤሌክትሮኒክ የሚሠራውንም ሞተር ያበላሻል። በጣም አሮጌ በሆኑት ሞተሮች ከቮላኖው በታች ፑንቲና አለ፤ ለረጅም ጊዜ ሲቆም ፊቱ ይዝጋል። በጥሩ ወረቀት ተጠርጎ ክፍተቱ በብዙዎቹ ላይ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይስተካከላል።

ነዳጁም እሳቱም ደኅና ሆኖ ሞተሩ ደካማ ከሆነ፥ አሁን ስለ እርጅና መናገር ይቻላል። የሲሊንደሩ መጭመቅ በመለኪያ ይለካል፦ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይወጣሉ፥ ሽቦዎቻቸው ከሞተሩ አካል ጋር ይታሰራሉ፥ የነዳጅ መስጫው ሙሉ ይከፈታል፥ ገመዱም አምስት ጊዜ ያህል ይሳባል። የሚታየው የቍጥሩ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን እኩልነቱ ነው። አንዱ ከሌላው ከመቶ 15 እጅ በላይ ካነሰ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ፋሻው ተጣብቋል፥ ወይም ተሰብሯል፥ ወይም ሲሊንደሩ ተቧጭሯል። ፋሻ በጥላሸት ብቻ ተጣብቆ ከሆነ በማጠቢያ መድኃኒት የሚላቀቅበት ጊዜ አለ። ሁሉም እኩል ሆነው እጅግ ዝቅ ካሉ ግን ይህ እውነተኛ እርጅና ነው፤ ማመልከቻው ይፈቀድ። መጭመቁ ደኅና ሆኖ በካርቡራቶሩ አፍ በኩል ቤንዚን ወደ ውጭ የሚተፋ እንደሆነ፥ ከካርቡራቶሩ ኋላ ያሉት ስስ የብረት ምላሶች ተሰብረዋል።

የማቀዝቀዣውን ውሃ ሳንጠቅስ አናልፍም። ሞተሩ ሲሠራ ከኋላው ቀጭን ውሃ ሲፈስ ይታያል። ይህ ውሃ ከቀነሰ ወይም ከጋለ፥ ታች ያለው ውሃ ገፊ የጎማ ክንፍ አርጅቷል ወይም የውሃ መግቢያው በአረም ተደፍኗል። ደለል በበዛበት ሐይቅ ይህ ጎማ ቶሎ ይበላልና በየዓመቱ መለወጡ ትርፍ ወጪ አይደለም። የጋለ ሞተር መጀመሪያ ይደክማል፥ ቀጥሎም ይነክሳል።

እንግዲህ ሞተር ይሸጥ ወይም ይለወጥ የሚል ማመልከቻ የሚያቀርብ ሁሉ፥ በአንድ ኪሎ ሜትር የፈጀውን የቀድሞውንና የዛሬውን ጊዜ፥ ሞተሩ ሲደክም ይጮኽ ወይም ያቃስት እንደ ነበር፥ የጎማው እንቁላል ሲጨመቅ ምን እንደሆነ፥ የካንዴላዎቹን ቀለምና የየሲሊንደሩን መጭመቅ ጽፎ ያምጣ። ይህ በግማሽ ገጽ ይጻፋል። እነዚህን መልሶች ያልያዘ ማመልከቻ ወደ ጸሐፊው ቢመለስ ማጕላላት አይደለም። መለዋወጫም ሲፈለግ የሞተሩ ቍጥር ከሰሌዳው ላይ ይገልበጥ፤ በተለይም ኤቪንሩድ የተባለው ሞተር መሠራቱ በ2020 የቆመ ስለሆነ፥ ዕቃው በስም ብቻ ተጠይቆ አይገኝም።

በመጨረሻ እንመለስበታለን ያልነው የጂግለር ነገር አለ። ለጣና ከፍታ ተብሎ ቀዳዳው የጠበበ ጂግለር የተገባለት ሞተር በዝውውር ወደ ጫሞ፥ ይልቁንም ወደ ባሮ ወንዝ ቢላክ፥ በዚያ ያለው አየር ወፍራም ነውና ቤንዚኑ ያንሰዋል። ሞተሩ በመጀመሪያው ቀን ፈጥኖ ይሄዳል፥ ሰውም ይደሰታል፤ በውስጡ ግን ከላይ እንደ ተናገርነው እየተራበ ይግላል። ስለዚህ ጂግለር በተለወጠ ጊዜ የወጣው በትንሽ ከረጢት ታስሮ ከሞተሩ መዝገብ ጋር ይቀመጥ፤ የገባውም ቍጥር በመዝገቡ ይጻፍ። ከአንድ ሐይቅ ወደ ሌላው ሞተር የሚያስተላልፍ ሹም የማስረከቢያውን ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት ይህን ከረጢት አስቀርቦ ይይ፤ የሚረከበውም ሹም ሞተሩን ወደ ውሃ ከማስገባቱ በፊት ጂግለሩን ያስለውጥ።